የፈሰሰ ፊደል

በማተሚያ ቤቱ «ኅዳግ» ነበር የሚሉት። ገጽ አቀናባሪ ነው፤ ጽሑፍ እስከ ወረቀቱ ዳር ሲጠጋ አይወድም። ባለ መጽሐፎቹ ወረቀት ለመቆጠብ ብለው ዳርና ዳር ያለውን ባዶ ቦታ፣ ኅዳጉን፣ አጥብብልን ሲሉት፣ «አንባቢው ጣቱን የት ያሳርፍ?» ብሎ ድርቅ ይላል። ስሙን ያወጡለትም በዚሁ የተነሣ ነው፤ እሱም አልተቀየመም፤ እንዲያውም ወደደው።

ሚስቱ ደግሞ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ነበረች። እዚያ «ቆራጧ» ይሏታል፤ ለሥራዋም ለጠባይዋም ይሆናል እያሉ ይስቃሉ። እሷ ግን ወደ ቤት ስትመለስ ቆራጥነቷን ከጋውኗ ጋር መስቀያው ላይ ሰቅላው እንደምትመጣ ታውቃለች። ቤት ውስጥ የሚቆርጠው እሱ ነበር። መጋረጃው ምን ዓይነት ይሁን፣ ልጃቸው ምን ትማር፣ መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ፣ ሁሉንም እሱ ነው የሚወስነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ገጽ እንደሚያቀናብር ሁሉ ቤቱንም ማቀናበር ለምዶት ነው፤ እሷም ጣጣውን ስለቀነሰላት አልተከራከረችም።

ለጡረታ ጥቂት ሲቀረው ስትሮክ መታው። ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲ ሲያጠልቅ ወደ ጎን ተዘነበለና መነሣት አቃተው። ሐኪም ቤት ሰንብቶ ሲወጣ ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ ብለውታል። ምላሱን ግን አልነካውም። ከነሙሉ ነገረኛነቱ ነው ወደ ቤት የተመለሰው።

ቤታቸው የሕንፃው መጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከቆመ ቆይቷል፤ በሩ ላይ የታሰረው ሰንሰለት ራሱ ዝጓል። ኅዳግን ጎረቤቶች ተጋግዘው በወንበር ተሸክመው አወጡት፤ ከዚያ ወዲህ አልወረደም። ቆራጧም ሥራዋን ትታ ከእሱ ጋር ቀረች። ለዳቦና ለመድኃኒት ካልሆነ አትወጣም፤ ስትወጣም ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ነው የምትወርደው። መስኮታቸው የሚያየው የጎረቤት ሕንፃ ጀርባ ነው፤ የውሃ ቱቦ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ከዚያ ግድግዳ። ያለወትሮዋ የሰው ልብስ መቁጠር ጀመረች። የትኛው ሸሚዝ አንገቱ ተጣሞ እንደተሰፋ፣ የትኛው ቀሚስ ከተረፈ ጨርቅ እንደወጣ ታያለች። ሌላ የምታየው አልነበራትም።

መጀመሪያ ላይ እሱ ቀኑን ሙሉ ይበሳጭ ነበር። ሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ይህን ስትሰማ ትንሽ ታብሌት ላከች። የማተሚያ ቤቱ ጓደኞቹም ደግ ነገር አሰቡ፤ በሥራ ዘመኑ ራሱ ያቀናበራቸውን መጻሕፍት በፒዲኤፍ ሰብስበው ጫኑለት። ኅዳግ የመጀመሪያውን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይሄን አርዕስት ለማስተካከል ስንት ቀን እንደፈጀሁ ታውቂያለሽ?» አላት። ከዚያ ታብሌቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገውና አንብቢልኝ አለ። ዓይኔ ይደክመኛል፣ ደግሞ ድምፅሽ ደስ ይላል አላት። ድምፅሽ ደስ ይላል ብሏት ስለማያውቅ ልቧ ራሰ። ተቀምጣ አነበበች።

እንዲህ ተጀመረና ማቆሚያ አጣ። ጠዋት ካጠበችውና ቁርሱን ካበላችው በኋላ እስከ ምሳ፣ ቀትር ላይ ትንሽ ካሸለበ በኋላ ደግሞ እስኪመሽ ታነባለች። ፒዲኤፍ የሚባለው ፋይል ገጹን እንዳለ ፎቶ እንደተነሣ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። መጽሐፎቹ የተሰናዱት ለትልቅ ወረቀት ነው፤ የታብሌቱ መስታወት ደግሞ ከመዳፏ ብዙም አይበልጥም። ፊደሉ ጉንዳን ያህላል። በሁለት ጣቷ ስትለጥጠው ይተልቅና የመስመሩ ግማሽ ከመስታወቱ ውጭ ያልፋል። መስመሩን ለመጨረስ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች፤ ለሚቀጥለው መስመር ደግሞ መልሳ ወደዚያኛው ትጎትታለች። ጎትታ ስትመለስ መስመር ይዘላታል። ስትዘል እሱ ያውቃል፤ መጻሕፍቱን በቃሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ያውቃቸዋል። «ተመለሺ፣ አንድ መስመር በልተሻል» ይላታል። አንገቷ ይቆለመማል፣ ጉሮሮዋ ይደርቃል። በሕልሟ ሳይቀር መስመር መጎተት ጀመረች።

አንድ ቀን ለልጇ በስልክ ስታማርር ልጅቷ ሳቀች። «እማዬ፣ ለምን በፒዲኤፍ ትሰቃያለሽ? ኢፐብ የሚባል አለ እኮ። ፊደሉን ስታተልቂው መስመሩ ራሱ እየታጠፈ በመስታወቱ ልክ ይሆንልሻል። የቱን ልላክልሽ?»

እናት በሙያዋ ነው የገባት። ፒዲኤፍ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ልክህ ባይሆንም ያው ነው። ኢፐብ ገና ጣቃ ነው፤ በሰውየው ልክ ይቆረጣል። ኢፐብ ላኪልኝ አለች፤ ልጅቷም አንድ አዲስ ልብ ወለድ በኢፐብ ላከች። ቆራጧ ፊደሉን አተለቀችው፤ መስመሮቹ ጭጭ ብለው ታጠፉላት። ሳትጎትት፣ ሳትመለስ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ታነብ ጀመር።

ኅዳግ ትንሽ ካዳመጠ በኋላ ስንተኛው ገጽ ላይ ነን ብሎ ጠየቀ። ነገረችው። ቆየት ብላ ፊደሉን ትንሽ ስታተልቀው ቁጥሩ ተለወጠ። መልሶ ሲጠይቃት ሌላ ቁጥር ነገረችው። ታብሌቱን ተቀብሏት አገላበጠ፤ ገጹ ዳር የለውም፣ ከላይም ከታችም ማረፊያ የለውም፣ አንድ ምዕራፍ አርዕስቱን ከግርጌ ጥሎ ጽሑፉን ወደሚቀጥለው አሳልፎታል። ፊቱ ቅጭም አለ።

«ይሄ መጽሐፍ አይደለም» አላት። «የፈሰሰ ፊደል ነው። ዝጊውና የኔን አምጪ።»

ልትከራከረው አስባ ነበር። ነገር ግን በደህና እጁ ታብሌቱን ለመዝጋት ሲታገል አየችና ተወችው። የእሱን ፒዲኤፍ አመጣች፤ መጎተቱንም ቀጠለች።

ወራት አለፉ። ኅዳግ ከዘራ ይዞ እስከ መታጠቢያ ቤት መሄድ ቻለ። ለብቻው ቢቀመጥ የሚፈራለት ነገር አልነበረም፤ የፊት ለፊቷ ጎረቤትም ብቅ እያልኩ አየዋለሁ ብላለች። በዚያው ሰሞን ከፋብሪካው ተቆጣጣሪዋ ደወለች። ትእዛዝ በዝቶብናል፣ አዲሶቹ ቆራጮች ጨርቅ ይፈጁብናል፣ ከሰዓት ከሰዓት እንኳ ብትመጪ አለቻት። ቆራጧ ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ቀረች። የመቁረጫው ጠረጴዛ ፊቷ ላይ ድቅን አለ፤ ረጅም፣ ልስልስ ያለ፣ ዙሪያውን ሴቶች የሚያወሩበት።

ለባሏ ስትነግረው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻላት። «ታዲያ ማን ያነብልኛል?» አለ። ራስህ ሞክር ስትለው ዓይኔ ይደክመኛል አለ። ጎረቤቷ ታንብብልህ ስትለው የሰው ድምፅ አልወድም አለ። ሌላ ቀን ነገሩን ብታነሣው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ለተቆጣጣሪዋ ትንሽ ታገሺኝ ብላ መልሳ ደወለች። እግር ተወርች ታስራ ሳለ ገመዱን የያዘው ማን እንደሆነ መናገር አልቻለችም። ባሌ አይለቀኝም እንዳትል፣ እሱ አትሂጂ ብሏት አያውቅም።

በዚህ ላይ ሌላ ሌላውም ያናድዳት ጀመር። ምግብ ስታቀርብለት የሳህኑን ግማሽ በልቶ ግማሹን ይተወዋል፤ ከዚያ ምነው ምግቡ አነሰ ይላል። ጺሙን ሲላጭ አንዱን ጉንጭ ትቶት ይወጣል። ሆን ብሎ፣ እሷን ለማድከም የሚያደርገው መሰላት። «ሳህኑን እይ እንጂ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ብላ ጮኸችበት፤ እሱም ሳህኑን አየና ግራ እንደተጋባ ሰው እሷን አያት።

ነገሩ የገባት በአጋጣሚ ነው። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ በሩን ገርበብ አድርጋው ነበር፤ ቦርሳዋን ረስታ ከመንገድ ተመለሰች። ከውስጥ የእሱን ድምፅ ሰማች። ልጃቸው በቅርቡ የላከችለትን፣ እሱ ያላቀናበረውን፣ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን አንድ ፒዲኤፍ ከፍቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነባል።

«...ወደ ደጅ ወጣና... አላገኘውም ነበር... የእህቱን ድምፅ... ከዚያ በኋላ እንኳ...»

ያቆማል፤ እንደገና ይጀምራል፤ ያው ነው። ቀስ ብላ ከኋላው ቆመች። ዓይኗ ጣቱን ተከተለ። ጣቱ ከመስመሩ መሐል ይነሣል፣ መጨረሻው ይደርሳል፣ ወደታች ይወርዳል፣ እንደገና ከመሐል ይነሣል። የግራው ግማሽ ለእሱ የለም። የሳህኑ ግማሽ፣ ያልተላጨው ጉንጭ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ የራሱን መጻሕፍት ከፍቶ ጥቂት መስመር ሲያነብ የነበረው በቃሉ እንጂ በዓይኑ እንዳልነበር ገባት። የጮኸችበት ቀን ትዝ አላትና እንዳይሰማት ተመልሳ ወጣች፤ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች።

እጅና እግሩን የሚያሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ ይዛው ያየችውን ነገረችው። ወጣቱ ዛሬውኑ እንየው አላት። ወጥ ቤት ገብቶ ማንኪያዎች አመጣና ጠረጴዛው ላይ ዳር እስከ ዳር በተናቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ሁሉንም ይሰብስቡልኝ» አለ። ኅዳግ በደህና እጁ ሰበሰበ። «ጨረስኩ» አለ። ከጠረጴዛው በስተግራ ማንኪያዎቹ እንደተበተኑ ነበሩ። ወጣቱ የኅዳግን ቀኝ ክንድ ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ ግራ መራው። ጣቶቹ ብረቱን ሲነኩ ኅዳግ እጁን እንደተቃጠለ ሰው መልሶ ሳበው።

«ዓይንዎ ደህና ነው ጋሼ። አእምሮዎም ደህና ነው» አለው ባለሙያው። «አንጎልዎ ግራ የሚባለውን ወገን ዘንግቶታል። ሐኪም ቤት አልነገሩዎትም?»

ነግረውት ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ማን ምን ሰማ። ኅዳግ ማንኪያዎቹን ለረጅም ጊዜ አየ። «እኔ እኮ ቋንቋው የጠፋኝ መስሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ራስ የለውም። አበድኩ ብዬ ነበር።»

ቆራጧ ፊቷን አዞረች። ይህን ሁሉ ጊዜ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ አንገቴ ታመመብኝ ስትል፣ እሱ ደግሞ እዚያው አጠገቧ ለብቻው እብደቱን ሲጠብቅ ኖሯል።

ባለሙያው ሲሄድ ምክር ሰጣት። ሰፊ መስመር ነው የሚያስቸግረው፤ በመስመር ጥቂት ቃል ብቻ እንዲሆን አድርጊለት። በግራው ጠርዝ ላይ ደማቅ ቀይ ነገር ለጥፊ፤ ቀዩን ሳያገኝ ማንበብ አይጀምር። ቀስ በቀስ ይለምደዋል አላት። ፒዲኤፉን እንደዚያ ማድረግ እንደማይቻል ሳታስበው አወቀች፤ የተሰፋ ነው። ኢፐቡን ከፈተችው፣ ፊደሉን በመስመር ሁለት ሦስት ቃል እስኪቀር አተለቀችው፣ ከስፌት ሳጥኗ ቀይ ጥብጣብ ቆርጣ በታብሌቱ ግራ ጠርዝ ላይ ለጠፈችው፤ ታብሌቱን ራሱን ወደ ቀኝ እጁ ጠጋ አድርጋ አቆመችለት።

ኅዳግ አየውና ለሕፃን የሚሆን ነው አለ። በዚህ የተዘበራረቀ ነገር ላይ ዓይኔን አላሳርፍም፣ የኔን ፒዲኤፍ አምጪ፣ አንብቢ አለ። እሷም ጥርሷን ነክሳ አነበበች። በማግሥቱም አነበበች። አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል፤ ራሱ ማንበብ እንደሚችል ታውቃለች፣ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል። መስመሩን በጎተተች ቁጥር ክፍሉ የጠበበ ይመስላት ጀመር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ አቆመች። ፒዲኤፉን ዘጋችውና ባለ ቀይ ጥብጣቡን ገጽ ከፈተችለት።

«ከዛሬ ጀምሮ አላነብልህም» አለች።

«ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም። ድምፄ አለቀ። አንተ ደግሞ ማንበብ ትችላለህ።»

ኅዳግ ወደ መስኮቱ ዞረ። የተሰጣው ልብስ በነፋስ ይወዛወዛል። እሷ ሸሚዞቹን መቁጠር ልትጀምር ስትል ተናገረ።

«ራሴ ካነበብኩ ትሄጃለሽ።»

ገጹ፣ ኅዳጉ፣ የፈሰሰው ፊደል፣ ለካ ሁሉም ይህን ለማለት ነበር። አልሄድም ልትለው ቃሉ አፏ ድረስ መጣ። ስንት ዓመት እንደዚህ ያለውን ቃል ስትለው ኖራለች። ዋጠችው።

«አዎ፣ እሄዳለሁ» አለች። «ከሰዓት ከሰዓት። ሲመሽ እመጣለሁ።»

«ሰው ሲሄድ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ወገቤ፣ ማን አገኘሁ ብሎ ይወስደኛል?»

አፉ በአንድ ወገን ፈገግ ሊል ዳዳው፤ ግን አልሳቀም። ጣቱን አነሣና ወደ ታብሌቱ ወሰደው። ጥብጣቡን ለማግኘት ፈለገ፤ አለፈው፤ ተመለሰ፤ አገኘው። «ልጅቱ» አለ። ቆመ። «ልጅቱ በሩን...» ወደታች ወረደ፣ ቀዩን ፈለገ። «ከፈተችና...» እንደ ተማሪ ፊደል በፊደል ነበር የሚሄደው። ያ የማተሚያ ቤቱ ሰው፣ በአንድ እይታ የገጽ ስሕተት የሚለቅመው ሰው። አሁን ግን ዓረፍተ ነገሩ ራስ ነበረው። መጨረሻው ሲደርስ ተንፍሶ፣ «ወጥ ቤት ሂጂ» አላት፤ እያየችው ማንበብ አፍሮ ነው። ሄደች። ከዚያ ሆና ሰማችው፤ አንድ ገጽ ሳይሆን አንድ መስታወት ሙሉ ለመጨረስ ሽንኩርቱ እስኪበስል ፈጀበት።

በሚቀጥለው ሳምንት ፋብሪካ ሄደች። ጠረጴዛው ያው ነው፣ መቀሱ ግን አዲስ ሆኗል። ጨርቁን ስትደራርብ፣ ምልክቱን ስታሰምር፣ መቁረጫውን ስትይዝ እጆቿ ምንም አልረሱም። ሴቶቹ ስለ ባሏ ጠየቋት፤ ደህና ነው አለች። ቀልዳቸውን ሰምታ ስትስቅ ድምፁ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። ቢሆንም የስልክ ጥሪ በተሰማ ቁጥር የማን ነው ብላ ቀና ትላለች፤ እጇ ያለችበት ሆኖ ልቧ መጨረሻው ፎቅ ላይ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ሌሎቹ ሻይ እንጠጣ አሏት፤ ሌላ ጊዜ ብላ ሮጠች።

ስትገባ ኅዳግ መስኮቱ አጠገብ ወንበሩ ላይ ነበር። ጎረቤቷ ሁለቴ እንዳየችው፣ ውሃ እንደጠጣ፣ ምንም እንዳልጎደለበት ነገረቻትና ወጣች። ቆራጧ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ታብሌቱ አጎነበሰች። ስትሄድ ከፍታለት የሄደችው ገጽ ነበር፤ አንድም አልተገለጠ።

«ዛሬ እዚህ ብቻ ነው የደረስኩት» አለ።

ደክሞት ነው ወይስ ሊያሳዝናት? ፊቱን አየችው። ፊቱ ምንም አይነግርም፤ ግማሹ ከታመመ ወዲህ ለማንበብ የሚያስቸግር ፊት ሆኗል። ልትጠይቀው ፈለገች፤ ደግሞ የሚመልስላትን ፈራች። እውነት ደክሞት ከሆነ ነገ ደረጃውን እንዴት እንደምትወርደው አላወቀችም። ሊያሳዝናት ከሆነም አላወቀችም።

ስልኳ ጮኸ፤ ልጃቸው ነበረች። አዲስ መጽሐፍ ገዝታላቸዋለች፤ በየትኛው እንደምትልክ ትጠይቃለች። ቆራጧ ስልኩን ወደ ባሏ ጆሮ አስጠጋችው።

«አባዬ፣ በፒዲኤፍ ነው በኢፐብ?»

ኅዳግ ትንሽ አሰበ። «በዚያ በሚፈሰው» አለ። «ግን ንገሪያቸው፣ አርዕስቱን ከታች ጥለው አይለፉ። የሠራውን ሰው ያሳፍራል።»

ልጅቷ ለማን እንደምትነግር ግራ ገብቷት እሺ አለች። ቆራጧ ስልኩን አስቀመጠችና ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቡ ተቀመጠች። እግሯ ከመቆም ብዛት ይነዝራል። ከመጀመሪያው ጀምርልኝ አለችው። ኅዳግም ጣቱን አንሥቶ ቀዩን ጥብጣብ መፈለግ ጀመረ፤ እሷም እጁን ሳትመራው ጠበቀች።